«ሰውየው ግን ማነው?»

አንድ የከተማችን ሰው ጥሩ ልቦለድ አንብቦ እንደ ጨረሰ ወዳጁን ቡና ላይ ሲያገኘው ምን ይለዋል? ስለ ደራሲው የቋንቋ አጠቃቀም ወይም ስለ ታሪኩ አወቃቀር ከማንሣቱ በፊት አንዲት ጥያቄ አለችው። «ሰውየው ግን ማን ይመስልሃል?» ይላል። ገጸ ባሕርይው ስሙ ብቻ የተለወጠ፣ ሥጋና ደም ያለው፣ ምናልባትም ሁለት ሰፈር አልፎ የሚኖር ሰው ነው ብሎ ነው የሚነሣው። ቴሌቪዥን ፊት የተሰበሰበው ቤተሰብም ከዚህ አይለይም። ክፉውን ይረግማል፣ የዋሂቱን ይመክራል፤ ድራማው ካለቀ በኋላም «ምን ነካት?» እያለ እንደ ጎረቤት ልጅ ያማታል።

የሥነ ጽሑፍ መምህራን ይህን ልማድ አይወዱትም። ገጸ ባሕርይ የቃላት ድምር እንጂ ሰው አይደለም ይሉናል። እውነታቸውን ነው። ይሁን እንጂ ልማዱ የራሱ ታሪክ አለው፤ ታሪኩም ሊናቅ አይገባውም። ይህ ጨዋታ የመጽሐፍ ገጽ ነክተው የማያውቁ ሰዎችን የልቦለድ ባለቤት አድርጓል፤ የተወገዘ መጽሐፍ ከአንባቢ ልብ እንዳይጠፋ ጠብቋል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ደራሲው የማያመልጥበት ወጥመድ ሆኖ ተገኝቷል።

ነገሩ ከስሙ ይጀምራል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ያሳተመው መጽሐፍ ርእሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። ዛሬ ብዙዎቻችን በጀግናይቱ ስም «ጦቢያ» እያልን እንጠራዋለን። ለዚያ ዓይነት ድርሰት በአማርኛ የተለየ መጠሪያ ስላልነበረው የመጽሐፉ ርእስ የዘርፉ ስም ሆኖ ቀረ። ልብ የወለደው ታሪክ ማለት ነው። እንግዲህ እስከዚያ ድረስ አንባቢው በእጁ የያዘው ምን እንደ ነበር እናስብ። ዳዊት፣ ገድል፣ ድርሳን፣ ዜና መዋዕል። እነዚህ ሁሉ «ሆነ፣ ተደረገ» የሚሉ ናቸው። ልብ የወለደው ታሪክ ሲመጣ «እውነት ነው ወይስ ፈጠራ?» የሚለው ጥያቄ አብሮ መምጣቱ አይደንቅም። ታሪክ ከሆነ ሰዎቹ የታሉ? ውሸት ከሆነ ደግሞ ለምን ተጻፈ?

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ አዘጋጅተው ነበር፤ ለምክር ነው የሚል። በ1915 ዓ.ም. ያወጡት «ወዳጄ ልቤ» ከልብ ጋር የሚደረግ ጉዞ ነው፤ በ1925 ዓ.ም. ያወጡት «አዲስ ዓለም» ደግሞ ፓሪስ ተምሮ ወደ አገሩ የተመለሰን ወጣት ያሳያል። ነገር ግን አንባቢው ምክሩን ብቻ ተቀብሎ የሚሄድ አልነበረም። በሰምና ወርቅ ያደገ ነውና ከላይ የሚታየውን ቃል ገልጦ ከሥሩ ያለውን መፈለግ ጠባዩ ነው። ቅኔ የሰማ ጆሮ ወርቁን ሳያገኝ አያርፍም። ልቦለድም ሲሰጡት ታሪኩን እንደ ሰም ይይዝና «ወርቁስ ማነው?» ይላል። በእኔ አስተያየት «ሰውየው ማነው?» የምትለው የቡና ላይ ጥያቄ ከቅኔ ማኅሌት ወጥታ ሻይ ቤት የገባች ናት።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ዕለት ሥርጭቱን ጀመረ። በዓመቱ፣ በ1958 ዓ.ም.፣ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታትሞ ወጣ። ሁለቱ በተከታታይ ዓመታት ቢመጡም ዕድላቸው አንድ አልነበረም። ቴሌቪዥኑ ለረጅም ጊዜ የጥቂት ቤቶች ዕቃ ሆኖ ቆየ። ከ500 ገጽ በላይ የሆነውና ለብዙው ሰው ይከብዳል የሚባለው መጽሐፍ ግን በየቤቱ ገባ። የገባው በበር አይደለም፤ በሬዲዮ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አውቃለሁ ከሚለው ሰው ስንቱ አነበበው ቢባል መልሱ የሚያስተዛዝብ ይመስለኛል። ስንቱ ሰማው ከተባለ ግን ሌላ ነው። በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ስመ ጥሩው ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን ሲተርከው የሰማ ትውልድ፣ ዛሬም ቢሆን ገጹን ሲገልጥ የሚሰማው የወጋየሁን ድምፅ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ የሚቆጡት በእርሱ ጉሮሮ ነው። የጉዱ ካሳ ምሬት በእርሱ አፍ ነው የሚመረው። ማንበብ የማይችሉ እናቶች ከተማሩ ልጆቻቸው እኩል ስለ ሰብለ ወንጌልና ስለ በዛብህ አስተያየት መስጠት የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው። ሬዲዮ ያለው ቤት ጎረቤት ይሰበስባል፤ ትረካው ሲያልቅ ደግሞ ክርክሩ ይጀመራል። በዛብህ ስለቱን አፍርሶ ነው ይህ ሁሉ የመጣበት የሚል አለ። የለም፣ ያጠፋው ወላጆቹ ሳይጠይቁት የተሳሉት ስለት ነው የሚል አለ። ስለ ሥነ ጽሑፍ የተደረገ ሕዝባዊ ክርክር እንዲህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ሐዲስ ዓለማየሁ የጎጃምን ባላባት፣ ካህንና ገበሬ ሲሥሉ ልቦለድ ብለው ነው የጻፉት። አንባቢውና አድማጩ ግን ሰዎቹን ከመጽሐፉ አውጥቶ ወደ መንደሩ ወሰዳቸው። ጉዱ ካሳን ያየ እንደ ሆነ ነገሩ ይገባዋል። ካሳ ዳምጤ በመጽሐፉ ውስጥ የባላባቱን ሥርዓት እየተቸ የኖረ፣ በዚህም ምክንያት አገሩ «ጉዱ» የሚል ቅጽል የለጠፈበት ሰው ነው። ከመጽሐፉ ከወጣ በኋላ ስሙ የወል ስም ሆነ። በመሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ አለቃውን የሚተች ሰው «ጉዱ ካሳ» ይባላል፤ በዕድር ላይ ልማድ የሚጥስ ሰው «ጉዱ ካሳ» ይባላል። የሚጠራው ሰው መጽሐፉን ባያነብም ስድብም ምስጋናም መሆኑን ያውቃል። አንድ ደራሲ ለቋንቋው ቃል ቢጨምር ትልቅ ነገር ነው፤ ሰው መጨመር ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ይህን ያደረገው የደራሲው ብዕር ብቻ አይደለም። ያ የሚናቀው፣ ገጸ ባሕርይን እንደ ሰው የሚያማው ጨዋታ ነው።

የደርግ ዘመን ሲመጣ ጨዋታው ሌላ መልክ ያዘ። ልብ ያለው አንባቢ ከጋዜጣ የማያገኘውን ከልቦለድ መፈለግ ጀመረ። በግልጽ የማይጻፍ ነገር ሲበዛ ሁሉም ጽሑፍ ሰምና ወርቅ ይሆናል። ደራሲው ያላሰበው ሳይቀር ወርቅ ተብሎ ይወጣል። በዚህ ዘመን ከማንም በላይ የተነበበው በዓሉ ግርማ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዓሉ ጋዜጠኛ ነበር፤ የመነን መጽሔትና የአዲስ ዘመን ጋዜጣ አዘጋጅ ሆኖ ሠርቷል፤ ኋላም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ሹም ሆነ። «ከአድማስ ባሻገር» በ1962 ዓ.ም. ሲወጣ የቢሮ ሠራተኛው አበራ ወርቁ ሠዓሊ ለመሆን የሚቃጠለውን ልቡን ሲያሳየን፣ ስንቱ የከተማ ሹመኛ ራሱን አየበት።

ከዚያ በኋላ በዓሉ ራሱ ጨዋታውን የወደደው ይመስላል። «ደራሲው» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ ያለው ሲራክ የወዳጁ የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ጥላ መሆኑን ያላወቀ አንባቢ ጥቂት ነው። ስብሐት ራሱ ደግሞ የእውነተኛ ሰዎችን ሕይወት ወደ ልቦለድ በመገልበጥ የታወቀ ነበር። የውቤ በረሃን ሌሊት የጻፈበት «ሌቱም አይነጋልኝ» በመጽሐፍ መልክ ከመውጣቱ በፊት ለብዙ ዓመታት በታይፕ ተገልብጦ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሯል። ማተሚያ ቤት ያላየው ልቦለድ ስለነበር ስለ እርሱ አስተያየት ለመስጠት በቅድሚያ የሚያውሱት ወዳጅ ማግኘት ያስፈልግ ነበር። የአንባቢዎቹ ማኅበር ዝርዝር ባይኖረውም ማኅበር ነበር።

እንግዲህ «ኦሮማይ» የደረሰው እንዲህ ዓይነት ጆሮና ዓይን ወዳለው አንባቢ ነው። ዘመኑ 1975 ዓ.ም. ነው። መጽሐፉ የሚተርከው በኤርትራ ስለተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ የተላከው ጋዜጠኛ ጸጋዬ ኃይለማርያም ዘመቻውን እየዘገበ ከፊያሜታ ጋር በፍቅር ይወድቃል። በዓሉ ራሱ በዘመቻው ሥፍራ የነበረ ሰው ነው። የሚያስገርመው ደግሞ መጽሐፉን ያሳተመው የመንግሥቱ ድርጅት ኩራዝ መሆኑ ነው። ርእሱ ከጣሊያንኛ ወደ አስመራ የአራዳ ቋንቋ የገባ ቃል ሲሆን «ከእንግዲህ አበቃ» የሚል ስሜት አለው።

መጽሐፉ ገበያ ላይ በወጣ በአጭር ጊዜ ተሰበሰበ። ነገር ግን አስቀድሞ የተሸጠውን ማን ይሰበስበዋል? ከእጅ ወደ እጅ ሄደ፤ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ተዋሰ፤ ከዋጋው ብዙ እጥፍ ተሸጠ። በምን ምክንያት ነው ሰው እንዲህ የተሻማበት ብንል መልሱ ያቺው ጥያቄ ናት። «ሰውየው ማነው?» በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ሹማምንትና ጄኔራሎች ስማቸው የተለወጠ ቢሆንም አንባቢው አንድ በአንድ መፍታት ያዘ። ይሄኛው እገሌ ነው፣ ያኛው እገሌ ነው። አንዳንዱም በኅዳጉ ላይ በእርሳስ ስም እየጻፈ ለሚቀጥለው አንባቢ ያስተላልፍ ነበር ይባላል። በቡና ላይ ሲሆን የሚያስቅ ጨዋታ ነው። ችግሩ ጨዋታውን የሚጫወተው ሻይ ቤት ያለው ሰው ብቻ አለመሆኑ ነው። በሥልጣን ወንበር ላይ የተቀመጠውም ሰው እንደ እኛው ሰምና ወርቅ ያውቃል። እርሱም «ይሄ ሰውዬ ማነው?» ብሎ ጠየቀ፤ የራሱንም ፊት አየ።

በዓሉ ከሥራው ተባረረ። በየካቲት ወር 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። አስከሬኑም አልተገኘም። አንባቢ ሆይ፣ ለዚህ ጥፋት ተጠያቂው ያጠፋው እንጂ ያነበበው አይደለም። ይህን ማምታታት ግፍ ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። የዚያን መጽሐፍ ሰዎች እንደ ገጸ ባሕርይ ያየ አንባቢ ጥቂት ነበር። ስለ ጸጋዬና ስለ ፊያሜታ ፍቅር፣ ጦርነቱ ወጣቱን ወዴት እንደሚወስደው፣ ደራሲው በገዛ ወገኑ ላይ ስላደረበት ጥርጣሬ የተነጋገረው ሰው ቢበዛ ኖሮ መጽሐፉ እንደ ልቦለድ ጠላት ያፈራ ነበር እንጂ እንደ ስም ዝርዝር አይታይም ነበር። ያም ቢሆን በዓሉን ያድነው ነበር ለማለት አልደፍርም። የዘመኑ ሰዎች ልቦለድንም ቢሆን በልቦለድነቱ የሚምሩ አልነበሩም።

በሌላ በኩል፣ ያው ሐሜት ነው መጽሐፉን በሕይወት ያቆየው። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ «ኦሮማይ» ዳግም ሲታተም አዲስ አንባቢ መፈለግ አላስፈለገውም። አንባቢው ስምንት ዓመት ሙሉ ሲያወራለት ኖሯል። ያላነበበው ሳይቀር ታሪኩን በቃሉ ይዞት ነበር።

በዚያው ዘመን ከዚህ የጠበበ የአንባቢዎች ክበብም ነበር። ማዕከላዊ ምርመራ እስር ቤት ውስጥ ነቢይ መኰንን የማርጋሬት ሚቼልን «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ወደ አማርኛ መለሰ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1936 የታተመ፣ ከ1000 ገጽ በላይ የሆነ ግዙፍ ሥራ ነው። ወረቀት በሌለበት ቦታ ትርጉሙ የተጻፈው በሲጋራ ፓኮ ውስጥ በሚገኘው ወረቀት ላይ ሲሆን፣ ቁጥሩም 3000 ያህል ነበር። የሚፈቱ እስረኞች ከፊል ከፊሉን እየደበቁ አወጡት። በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። ሚቼልም ራሷ መጽሐፉን በዚህ ስም ልትጠራው አስባ ነበር ይባላል፤ ርእሱ ወደ ቤቱ የተመለሰ ያህል ነው። ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነትና ስለ አንዲት የጆርጂያ ባለ ርስት ልጅ የተጻፈ ታሪክ ለማዕከላዊ እስረኛ ምኑ ነው ሊባል ይችላል። አገር ሲፈርስ ያየ፣ ርስትና ማዕረግ በአንድ ሌሊት ሲገለበጥ የተመለከተ ሰው ግን ለስካርሌት ኦሃራ ባዳ አይደለም። እዚህ ላይ «ሰውየው ማነው?» የምትለው ጥያቄ ተገልብጣ «እኔስ ማን ነኝ?» ሆናለች። ለእኔ የልማዳችን ከፍተኛው ደረጃ ይህ ነው። ነቢይ በኋላ የአዲስ አድማስ ጋዜጣ አዘጋጅ ሆኖ ለብዙ ዓመታት ሠርቶ በ2016 ዓ.ም. አረፈ።

ከ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ በኋላ ስለ መጻሕፍት በጽሑፍ መከራከር ተስፋፋ። በየመጽሔቱ የመጽሐፍ ዓምድ ተከፈተ፤ በየአዳራሹም የመጽሐፍ ውይይት ተጀመረ። መልካም ነው። ይሁንና ቡና ላይ የሚደረገውን ጨዋታ አልተካውም። የዓምዱ ጸሐፊ በአብዛኛው ወዳጁን ያመሰግናል ወይም ጠላቱን ይወቅሳል። የቡና ላይ ሐያሲ ግን ደራሲውን ስለማያውቀው አይፈራም፤ «አሰልቺ ነው፣ ግማሽ ላይ ተውኩት» ለማለት ይሉኝታ የለበትም።

ቴሌቪዥን በየቤቱ ሲገባ የራዲዮውን ወንበር ወረሰ። ለረጅም ጊዜ ቴሌቪዥን ያለው ቤት የመንደሩ ሁሉ ነበር፤ የሰፈር ልጅ ምንጣፍ ላይ ተደርድሮ ያያል፤ ትልልቆቹ አስተያየት ይሰጣሉ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ እነ «ገመና» እና «ሰው ለሰው» በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲተላለፉ የሰፈሩ ጨዋታ ሁሉ እነርሱ ሆኑ። «ሰው ለሰው» ላይ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ምን ያህል ሰው እንደ ሆነ የዚያን ጊዜ ታክሲ የተሳፈረ ያውቀዋል። ሕዝቡ ስለ አስናቀ ሲያወራ ስለ ተዋናዩ ብቃት እያወራ አልነበረም። ስለሚያውቀው አንድ ባለ ሀብት ነበር የሚያወራው፤ «አስናቀ ማለት እኮ እገሌ ነው» እያለ። ወርቅ ፈላጊው ዓይን ከመጽሐፍ ወደ መስኮቱ ዞረ እንጂ አልተለወጠም።

በ2008 ዓ.ም. ካና ቴሌቪዥን የቱርክና የሌሎች አገሮች ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ እያሰማ ሲመጣ የአገር ውስጥ የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች ጮኹ። ሥራችንን ይነጥቃል፣ ባህላችንን ያጠፋል አሉ። የሥራው ነገር እውነት ሊሆን ይችላል። ይልቅ እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነገር ነው። የኢስታንቡል ሀብታም ቤተሰብ ታሪክ እየታየ በቤት ውስጥ የሚደረገውን ጨዋታ ሰምታችሁ እንደ ሆነ ልዩነቱን ትለዩታላችሁ። «ይቺ ምራት ታሳዝናለች»፣ «አማቷ ግን ክፉ ናት» ይባላል። «ሰውየው ማነው?» አይባልም። ኢስታንቡል ላይ እገሌ የምንለው ሰው የለንም። ወርቅ የሌለው ሰም ነው፤ ያብረቀርቃል፣ ይጣፍጣል፣ ግን ለሐሜት አይመችም። ያለ ፍርሃት የሚያዩትም ለዚህ ይመስለኛል፤ በዚህ ድራማ ሳቢያ ማንም ባለ ሥልጣን ፊቱን አያይም።

የራሳችንን ድራማ ስናይ ግን ወዲያው ወደ ጠባያችን እንመለሳለን። አዲስ ተከታታይ ሲጀመር በሁለተኛው ሳምንት ሰዎቹ ሁሉ ሥጋ ይለብሳሉ፤ የገንዘብ ሚኒስትሩ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አለቃ፣ የሪል እስቴት ባለቤቱ ማን እንደ ሆኑ በየቡናው ይፈታል። በ«ኦሮማይ» ኅዳግ ላይ በእርሳስ ይጻፍ የነበረው ስም አሁን በስልክ ይላካል። ከአርባ ዓመት በላይ የሆነው ያ መጽሐፍ ራሱ በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጥቷል። የእንግሊዝኛው አንባቢ ጄኔራሎቹ እነማን እንደ ነበሩ አያውቅም፤ ለማወቅም አይቸኩል ይሆናል። ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጋዬና ፊያሜታ ማንንም ሳይመስሉ፣ ራሳቸውን ብቻ ሆነው የሚነበቡበት ቦታ አግኝተዋል።